1,200 ሰዓት እና የማዘር ደብተር

«ማስተርስ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። «ታዲያ ዲግሪ አልነበረሽም እንዴ?» ይከተላል። ዘንድሮ የምማረውን ነገር ለሐዋሳ ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ ሦስት ዓመት ነው። ከሱ ቀጥሎ ኦነርስ የሚባል ሌላ ዓመት አለ። በአገሪቱ የትምህርት ደረጃ ምደባ ዲግሪ 7ኛ ላይ ይቀመጣል፣ ኦነርስ 8ኛ፣ ማስተርስ 9ኛ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ኦነርስ አላቸው። እኛ ጋ ከዲግሪ በቀጥታ ወደ ማስተርስ ስለሚኬድ መሃል ላይ ያለው ለማንም አይታየውም። የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ክፍልም ፎርሙ ላይ ቦታ አጥቶለት «ሌላ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከቶታል።

እኔም የምማረው ይሄንኑ ኦነርስ ነው፣ በርቀት። ዘርፉ ቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነው፣ የንግድ ሥራ መረጃ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚያዝ የሚያጠና። ኦነርስ በትንሹ 120 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት በ10 ሰዓት ሥራ ይሰላል፣ ስለዚህ 1,200 ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 30 ክሬዲቱ ጥናት መሆን አለበት። ወረቀት ላይ ሩብ ነው እንግዲህ። ኑሮው ላይ ግን ኮርሱ ፈተና አለው፣ ይገላግላል። ጥናቱ አይገላግልም፣ አልጋ ድረስ ይከተላል። ክፍያውን ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ሰው ምን እንደገጠመው ያውቀዋል።

ቀን ቀን ለሱቆች የሂሳብና የስቶክ ሶፍትዌር እጭናለሁ። ጭኜ፣ አሰልጥኜ፣ ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ። ወር ቆይቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ አገኘዋለሁ። ደህና አድርገው አጥበው፣ ተኩሰው ነው ያለበሱት። አጠገቡ ደብተሩ ተከፍቷል። ጥናት ልሥራ ያሰኘኝ ይሄ ዳንቴል ነው።

አማካሪዬ ጆሃንስበርግ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ሐሳቤን ልኬለት «ይሄ ለሦስት የዶክትሬት ተማሪ ይበቃል» ብሎ መለሰው። ኢትዮጵያ ከሚለው ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ አሮጌ ገበያ፣ ከዲጂታል አሠራር በጠቅላላ ወደ ዱቤ ብቻ አወረደኝ። በመጨረሻ የቀረው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ጅምላ ነጋዴዎች ዱቤን የት ይመዘግባሉ፣ ለምንስ እዚያ? ትንሽ ይመስላል። ግን እግርህን የምታስገባበት ጥያቄ ነው፣ በአገር ደረጃ የተጠየቀው ግን አይያዝም።

በዘርፉ ሁሉም የሚያውቀው ሞዴል ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሰው ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል ሲልና አያስቸግረኝም ሲል ነው ይላል። በመጠይቅ ይለካል፣ ከ«በፍጹም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። እስቲ ይሄን ይዘህ አሮጌ ገበያ ግባ። «ሶፍትዌሩ ይጠቅማል?» ስትል «በጣም እንጂ!» ይሉሃል። ይቀላል? «በጣም!» ያበረታቱሃል ደግሞ፣ ውሃም ይጋብዙሃል። ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር አምስት ሳጥን ያለው መጠይቅ የሚለካው ትህትናን ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ማውራትን መረጥኩ።

ስንት ሰው ይበቃል? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ጋና እና ናይጄሪያ ውስጥ 60 ሴቶችን ቃለ መጠይቅ አድርገው፣ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ በመጀመሪያዎቹ 12 ላይ አካባቢ መቀነሱን አዩ። ይሄን ሳነብ እፎይ አልኩ፣ 12 ሰው አሮጌ ገበያ ውስጥ አይጠፋም። የጠፋው ፊርማ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ተሳታፊው ፈቃዱን በፊርማ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ነጋዴው ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ ከገቢዎች ነው ብሎ ያስባል። «ልጄ፣ ማውራት እናወራለን፣ መፈረም ግን ይቅርብን» አሉኝ አንድ አባት። ለኮሚቴው ጻፍኩና ፈቃዱ በድምፅ እንዲቀረጽ ተስማሙ። መልሱ እስኪመጣ ግን ክረምቱ ገባ።

ከሁሉም ያስተማሩኝ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ማዘር እላቸዋለሁ። ደብተራቸው ጠርዙ በፕላስተር ተጠግኗል፣ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። በስም የተጻፈ ባለዕዳ ብዙ የለም። «ባለ ባጃጁ»፣ «የአቶቴዋ ሻይ ቤት»፣ «ቀጭኑ» ይላል። የከፈለ በቀይ ይሰረዛል። ግማሽ የከፈለ ይከበብና ቀሪው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። የገረመኝ ግን ከአንዳንዱ መስመር ጎን ያለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። የቴሌብር ክፍያ መለያ ነው፣ ከመልእክቱ ላይ በእጅ የተገለበጠ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ደብተር ሊቀር ነው ያልን ነበርን። ማዘር ቴሌብርን ደብተሩ ውስጥ አስገቡት።

«ሶፍትዌሩስ?» አልኳቸው።

«እሱ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ አንድ ደንበኛ መጣ። ማዘር ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ሲጽፉ አንገቱን አስግጎ ያያል። «አምስት ካርቶን፣ አይደል?» ይላሉ። «አዎ፣ አምስት።» ያኔ ዱቤው ጸደቀ። የኮምፒውተሩን ስክሪን የሚያየው ባለሱቁ ብቻ ነው። ባለዕዳው ምን እንደተጻፈበት አያይም፣ ያላየውን ዕዳ ደግሞ ማን ያምናል? የዴቪስ ሞዴል የሚጠይቀው ስለ አንድ ተጠቃሚ ነው። እዚህ ባንኮኒ ላይ ግን ተጠቃሚው ሁለት ነው፣ አንደኛውን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

አሁን ይሄን ወደ ምዕራፍ አራት እየለወጥኩት ነው። አማካሪዬ «ከአንድ ባንኮኒ ብዙ አትዝለይ» ብሎ ልጓም አስገብቶልኛል፣ ልክ ነው። ሌሎቹ ሱቆች ውስጥ ፈራ ተባ ያለ ተመሳሳይ ነገር አለ፣ አንዱ ጋ ግን ጭራሽ የለም፤ እሱ ሰውዬ ዱቤ አይሰጥም። መሥሪያ ቤት ደግሞ ለደንበኛው ፊቱን የሚያዞር ሁለተኛ ትንሽ ስክሪን እንሞክር ብያለሁ። አለቃዬ ዋጋውን ጠየቀ። ማዘር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠየቁ።