የቄሱን ቤት ለመሸጥ ማን ይፈቅዳል? በቨርጂኒያ አንድ አጥቢያ ውስጥ ሳገለግል የተማርኩት

በሰሜን ቨርጂኒያ ባለ አንድ የኤጲስቆጶሳውያን (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተገኘችው የአሜሪካ ኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያ የምእመናን ተጠሪ ሆኜ አገልግያለሁ። እነርሱ ሲኒየር ዋርደን ይሉታል። ወደ አጥቢያው የገባሁት በትዳር ነው፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ለትውልድ ያስቀደሱበት ቤት ነው። ተጠሪ በሆንኩበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈስስ ነበር፤ ማሞቂያውም ዕድሜውን ጨርሷል። ከግቢው ዳር ቀድሞ ለካህን መኖሪያ የተሠራ የጡብ ቤት አለ። የዛሬዎቹ ካህናት በአብዛኛው የቤት አበል እየተቀበሉ በራሳቸው ቤት ስለሚኖሩ፣ ይህ ቤት ለዓመታት ሲከራይ ቆይቷል። ቤቱን ሸጠን ቤተ ክርስቲያኑን እናድስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሀገረ ስብከት እንዴት እንደሚተዳደር በቅጡ የገባኝ ይህን ጉዳይ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

በአጥቢያ ደረጃ ሥልጣኑ ያለው ቬስትሪ በሚባል፣ ምእመናን በዓመታዊ ስብሰባቸው በሚመርጡት ጉባኤ እጅ ነው። በሰበካ ጉባኤ ያለፈ ሰው ሥራው አይጠፋውም፤ ገንዘቡ፣ በጀቱ፣ ሕንፃው፣ ቅጥሩ ሁሉ እዚያ ነው። የሚለየው አስተዳዳሪውን ካህን የሚመርጠውም ቬስትሪው መሆኑ ነው። ካህኑ ሲለቅ የፍለጋ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ማመልከቻ ይመረመራል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ከዚያም የተመረጠው ሰው ስም ለኤጲስ ቆጶሱ ይቀርባል። ኤጲስ ቆጶሱ ሰውየው በሕግ የተሾመና ለቦታው ብቁ መሆኑን ያያል፣ ምክሩንም ይሰጣል እንጂ «እገሌን ልኬላችኋለሁ» አይልም። ካህኑ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን ቬስትሪው በራሱ ድምፅ ብቻ ሊያሰናብተው አይችልም፤ ካህኑም ቬስትሪው ሳይስማማ ጥሎ መሄድ አይችልም። ካልተግባቡ ጉዳዩ ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ይሄዳል። ይህን ሚዛን ከልቤ እወደዋለሁ። ካህን «እንጀራዬን አጣለሁ» ብሎ ሳይፈራ እንዲሰብክ ያደርገዋል።

አሠራሩ ከየት መጣ ብዬ ታሪኩን ሳገላብጥ ያገኘሁት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ ነው። እንግሊዛውያን ጄምስታውን የሰፈሩት በ1607 ነው። የመጀመሪያው አሜሪካዊ ኤጲስ ቆጶስ ሳሙኤል ሲበሪ የተሾመው በ1784 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የቅኝ ግዛቶቹ አጥቢያዎች የሚጠበቁት ከባሕር ማዶ በለንደን ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ቅስና የፈለገ ወጣትም አትላንቲክን መሻገር ነበረበት። ሲበሪ ራሱ ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት መሐላ መፈጸም ስለማይችል የተሾመው በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ነው። እኛም ጳጳስ ከግብፅ እስኪላክልን ስንጠብቅ ኖረን፣ ከራሳችን ወገን ሊቀ ጳጳስ ያገኘነው በ1951 በአቡነ ባስልዮስ ነው። በእኛ ዘንድ የጳጳሱን ባዶ ቦታ የሞሉት ነገሥታቱና እጨጌዎቹ ናቸው። በቨርጂኒያ የሞሉት ቬስትሪዎቹ ናቸው፤ ካህኑን በቋሚነት ከማስሾም ይልቅ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ውል ያሠሩት ነበር። የቨርጂኒያ ሀገረ ስብከት በጉባኤ የተቋቋመው በ1785 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ጄምስ ማዲሰን (የፕሬዚዳንቱ ዘመድ ነው) የተሾመው በ1790 ነው። ጉባኤው ከኤጲስ ቆጶሱ አምስት ዓመት ይቀድማል። እኛ ዘንድ መጀመሪያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አለ፤ ጉባኤው በኋላ ይመጣል። እዚህ መጀመሪያ ጉባኤ አለ፤ ኤጲስ ቆጶሱ በኋላ ይመረጣል። ይህን ቅደም ተከተል ካወቅሁ በኋላ ግራ ያጋቡኝ የነበሩ ብዙ ነገሮች ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቬስትሪው «ይሸጥ» ብሎ ከወሰነ በኋላ የሚቀጥለውን እርምጃ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ያደግሁበት ልማድ ወደ ጳጳሱ ሄደህ ደጅ ጥና ይላል። እኔ ግን ከማንም በፊት የአገር አቀፉን ቤተ ክርስቲያን ቀኖና አነበብኩ፤ ታትሞ ለማንም ክፍት የሆነ ሰነድ ነው። ርእስ አንድ፣ ቀኖና ሰባት ላይ ጉዳያችን ተቀምጧል፦ ማንኛውም ቬስትሪ ያለ ኤጲስ ቆጶሱና ያለ ቋሚ ኮሚቴው የጽሑፍ ፈቃድ የአጥቢያውን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ በዕዳ ማስያዝ አይችልም። እዚያው በ1979 የተጨመረ አንቀጽ አለ፤ የአጥቢያ ንብረት ለሀገረ ስብከቱና ለመላዪቱ ቤተ ክርስቲያን በአደራ የተያዘ ነው ይላል። ይህ አንቀጽ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማወቅ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት ወደ ፎልስ ቸርች መሄድ ይበቃል። ለከተማዋ ስሟን የሰጠው ጥንታዊ አጥቢያ አብዛኞቹ አባላት በ2006 ከኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ለመለየት ድምፅ ሰጡ። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ፤ በ2013 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ንብረቱን ለሀገረ ስብከቱ ፈረደ። ይህን ለቬስትሪው ባስረዳሁ ጊዜ «የራሳችንን ቤት ለመሸጥ ማንን ነው የምናስፈቅደው?» የሚለው ቁጣ በረደ።

እንግዲህ ቋሚ ኮሚቴው ማን ነው? የሀገረ ስብከቱ ጉባኤ የሚመርጣቸው ካህናትና ምእመናን የሚቀመጡበት አካል ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት እንዲኖረው ያዝዛል። ኤጲስ ቆጶሱን ያማክራል። ለቅስናና ለዲቁና የሚቀርቡ እጩዎች ያለ እርሱ ስምምነት አይሾሙም። መንበሩ ባዶ ሲሆንና ለመምራት ሥልጣን የተሰጠው ረዳት ኤጲስ ቆጶስ ከሌለ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ሥልጣን ወደ እርሱ ይመጣል። በቨርጂኒያ መንበሩ ባዶ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ኤጲስ ቆጶስ ሻነን ጆንስተን በ2018 ከለቀቁ በኋላ ማርክ ስቲቨንሰን በ2022 እስኪሾሙ ድረስ ሀገረ ስብከቱ መደበኛ ኤጲስ ቆጶስ አልነበረውም። በዚያ ጊዜ ሥልጣኑን ይዘው የመሩት ረዳት ኤጲስ ቆጶሷ ሱዛን ጎፍ ናቸው። ሥራው አልቆመም፣ ደመወዝ ተከፈለ፣ አጥቢያዎች ካህን መረጡ። በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ አስተዳደር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ለኮሚቴው ያቀረብነው ማመልከቻ ወፍራም ነበር። በገለልተኛ ገማች የተሠራ የዋጋ ግምት፣ የቬስትሪው ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው ፊርማ፣ የሽያጭ ውሉ ረቂቅ፣ ያለፉት ዓመታት የኦዲት ሪፖርቶች፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ዕቅድ። ኦዲቱን በየዓመቱ ማስደረግ በዚያው በቀኖና ሰባት የታዘዘ ነው፤ የእኛ በጊዜው የተሠራ ስለነበር ማንም ሒሳባችንን ለመመርመር ጊዜ አላጠፋም። በስብሰባው ላይ ከምእመናን ወገን የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በባንክ ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ዕቅዱን ሉህ በሉህ አገላበጡና መነጽራቸውን አውልቀው ቀና ብለው አዩኝ። «ቤቱን ሸጣችሁ ጣሪያውን ሠራችሁ እንበል። ይህ ጣሪያ ደግሞ ሲያረጅ ምን ትሸጣላችሁ?» አሉኝ።

ጥያቄው ውኃ የሚያነሣ ነበር። ተማክረን ዕቅዱን በአዲስ መልክ አዘጋጀን፦ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለእድሳት ይውላል፤ የቀረው ዋናው ሳይነካ በቋሚ ፈንድ ይቀመጥና ወለዱ ለሕንፃ ጥገና ብቻ ይከፈላል፤ ለደመወዝ አንድም ሳንቲም አይወጣም። ኮሚቴው ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ፈቀደ፤ ኤጲስ ቆጶሱም ፈረሙ። ቬስትሪያችን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በበጀት ጉድለት ይበላ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው በየዓመቱ የሚያስጨንቀውን ቀዳዳ ይደፍናልና። ከውጭ የሚያይ፣ የእኛ ጣሪያ በራሱ ላይ የማያፈስስበት ዓይን ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ለሀገረ ስብከቱ ዓመታዊ ጉባኤ የአጥቢያዬ ወኪል ሆኜ ተመረጥኩ። ጉባኤው በጀቱን ያጸድቃል፣ የሀገረ ስብከቱን ቀኖና ያሻሽላል፣ የቋሚ ኮሚቴ አባላትን ይመርጣል። ስብሰባውን የሚመሩት ኤጲስ ቆጶሱ ናቸው፤ ተወካዩ ግን ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ በስማቸው እየጠራ ይከራከራቸዋል። ጳጳስ ሲያይ መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ለሚል ሰው መጀመሪያ ይከብዳል፤ ክብር እንዳልጎደለ የገባኝ ተከራካሪው በዕረፍት ሰዓት ራሱን ዝቅ አድርጎ ቡራኬ ሲቀበል ሳይ ነው። ውሳኔዎቹ አዳራሽ ውስጥ የሚወለዱ አይደሉም። የውሳኔ ሐሳብ የሚገባው ከሳምንታት በፊት ነው፤ በጀቱም አስቀድሞ በየአካባቢው ለውይይት ይቀርባል። በበጀት ውይይቱ ላይ የጠየቀ ሰው ይሰማል፤ በጉባኤው ቀን የሚጠይቅ ሰው ሰዓት ያልቅበታል። ከገቢው እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት 15 በመቶ ያህሉን ለአገር አቀፉ ቤተ ክርስቲያን እንዲያዋጣ ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ በየሦስት ዓመቱ ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤም አራት ካህናትና አራት ምእመናን ይልካል።

የጉባኤው ትልቁ ሥራ ኤጲስ ቆጶስ መምረጥ ነው። ድምፁ በሁለት ወገን ይቆጠራል፤ ካህናቱ ለብቻ፣ ምእመናኑ ለብቻ። በአንዱ ወገን በሰፊ ልዩነት ያሸነፈ፣ በሌላው አብላጫ ካላገኘ አልተመረጠም፤ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ከተመረጠም በኋላ በ120 ቀናት ውስጥ የአብዛኞቹ አህጉረ ስብከት ቋሚ ኮሚቴዎችና የአብዛኞቹ መንበር ያላቸው ኤጲስ ቆጶሳት ስምምነት መገኘት አለበት። ይህ እንዲያው የይስሙላ እንዳይመስላችሁ። በ2006 ሳውዝ ካሮላይና የመረጣቸው ማርክ ሎረንስ፣ ከአንዳንድ ቋሚ ኮሚቴዎች የመጣው የስምምነት ወረቀት ቀኖናው የሚጠይቀውን ቅርጽ ባለመያዙ ምርጫቸው በ2007 ውድቅ ሆነ፤ ሀገረ ስብከቱ በድጋሚ መርጧቸው ነው የተሾሙት። ፊርማ፣ ቀን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የማጠብቀው ከዚያ ታሪክ በኋላ ነው።

ኤጲስ ቆጶሱስ ምን ቀራቸው የሚል ይኖራል። ብዙ ነገር። ክህነት የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው፤ ምእመናንን የሚያጸኑት፣ ካህን ሲበድል በሥርዓት የሚጠይቁት፣ እያንዳንዱን አጥቢያ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የመጎብኘት ግዴታ ያለባቸውም እርሳቸው ናቸው። ወደ እኛ በመጡ ጊዜ የአዲሱን ጣሪያ ነገር ከማንሣታቸው በፊት ከመቃብር ቦታው ጎን የቆሙትን አሮጊቶች አንድ በአንድ በስማቸው ጠርተው ሰላም አሉ። ማኅተምና ሒሳብ ለሌሎች በመከፋፈሉ ለእረኝነት ጊዜ ያገኛሉ።

ለዚህ አገልግሎት የተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የጉባኤ መዝገብ፣ የሀገረ ስብከቱን ቀኖናና የዘንድሮውን በጀት ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ፤ ይሰጡታል። ማንኛውም ጉዳይ ሲነሣ በመጀመሪያ «ይህን የሚወስነው የትኛው አካል ነው? በየትኛው አንቀጽ?» ብሎ ይጠይቅ። የአነጋገር ዘዬው እንዳያሳፍረው፤ በጽሑፍ የቀረበ፣ ቁጥሩ የተጣራ ጥያቄ ዘዬ የለውም። ለቋሚ ኮሚቴም ከምእመናን ወገን እጩ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው ይቸግራል። ማስታወቂያው ከጉባኤው ብዙ ቀደም ብሎ ይወጣልና ቀኑ ሳያልፍ ቅጹን ይሙላ።