የአሰላን አሮጌ የእህል መጋዘን ታሪክ እንዴት እንዳሰባሰብኩ

አሰላ ውስጥ ስለ አንድ አሮጌ መጋዘን ማወቅ የሚፈልግ ሰው “እስቲ ታሪኩን ይንገሩኝ” ብሎ ባይጀምር ይሻላል። ታሪክ ሲባል ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ስለ ጣሊያንና ስለ ጃንሆይ ያወራሉ፤ መጋዘኑ ተረስቶ ይቀራል። “ጆንያው በየትኛው በር ነበር የሚገባው?” ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ወሬው ራሱ መንገዱን ያገኛል። መኪናው ጀርባውን የት ሰጥቶ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚመዝን፣ ማን እንደሚሸከም፣ ማን በጥራጊው ልጆቹን እንዳሳደገ፣ ሁሉም በየተራው ይመጣል።

መጋዘኑ ግርግዳው እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ዛሬ ግማሹ የእንጨት ሥራ ቤት ነው፣ ግማሹ ሲሚንቶ ይቀመጥበታል። ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ስሰማ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት። ቤቱ የሚያምር አይደለም። ግን አርሲ በስንዴና በገብስ የሚኖር አገር ነው፣ አሰላም የጭላሎን ምርት እየተቀበለች ያደገች ከተማ ነች፤ እህሉ ያለፈበት ቤት ሳይጻፍ መቅረቱ ከነከነኝ።

ሰው ከመጠየቄ በፊት ቤቱን አየሁት። ይህን ለሌላውም እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ቤቱን ያላየ ሰው ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። በአንደኛው ጫፍ ቆርቆሮው ከድንጋዩ በላይ እስከ ሰው ቁመት ድረስ በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ደህና ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ቆርቆሮ ያን ያህል አልተጎዳም፣ ያው ጣራና ያው ዝናብ እያገኘው። ወለሉም በዚያው በተበላው በኩል ሲሚንቶው ተልጦ ጠጠሩ ወጥቷል። በዝናብ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ከላይ ይጀምር ነበር። መልሱን ያገኘሁት አንድ የቀድሞ ጫኝና አውራጅ ዘንድ ሲሆን ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። “እዚያ ማዳበሪያ ነበር፣ ልጄ” አሉኝ። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ጨውነቱ ብረቱንም ሲሚንቶውንም ይበላል። ስንዴ እንዲህ አያደርግም። የዝገቱ ከፍታ እንግዲህ የማዳበሪያው ክምር ከፍታ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ምን ያህል ጆንያ ይደረደር እንደነበር ሲያሳዩኝ ከዝገቱ መስመር ጋር ገጠመ።

ማዳበሪያ በብዛት ወደ አሰላ የመጣው ከካዱ ጋር ነው። ካዱ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመ የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ያቀርብ ነበር። ምርቱ ጨመረ። ባለመሬቱም እርሻ ትርፍ እንዳለው ሲያይ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመረ። ይህ በጥናቶች ላይ በሰፊው የተጻፈ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት ከዚያው ከመጋዘኑ በር ላይ ነው። ማዳበሪያውን ይሸከሙ የነበሩት ሽማግሌ አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ፤ ትራክተሩ ሲመጣ መሬቱን ለቀው ከተማ ገቡ፣ ልጅየውም ከዚያ በኋላ የሚያውቁት ሥራ ሸክም ብቻ ሆነ። መጋዘኑን የሞላውና እሳቸውን ወደ መጋዘኑ ያመጣቸው ነገር አንድ መሆኑን ሲነግሩኝ ምሬት አላየሁባቸውም። የዋጋ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው የነገሩኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልበል። ካዱ ሥራ የጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት አዋጅ የወጣው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ሲሆን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47 በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ወጣ። በአሰላ ታሪክ ውስጥ ሁለት 1967 አለ ማለት ነው፣ በመካከላቸውም ሰባት ስምንት ዓመት። ለአንድ መጋዘን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ባለቤት ያለው መሆንና የመንግሥት መሆን ነው። “1967” የሚል ወረቀት ሳገኝ መጀመሪያ ቁጥሩን ትቼ ጸሐፊው ማን እንደሆነ እመለከታለሁ። በስዊድኖቹ በኩል ያለፈ ሰነድ ከሆነ በፈረንጅ ነው፣ የማዘጋጃ ቤት ከሆነ በእኛ ነው። ማስታወሻዬ ላይ እያንዳንዱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ነው የማልፈው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ያለዚያ አይሆንም።

ሰነዱን የት መፈለግ እንዳለብኝ የነገረኝም ያው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ከተወረሱት ቤቶች መካከል ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት በቀበሌ እጅ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ስለማይቻል ከቀበሌ መዝገብ አልጀመርኩም። መዝገብ ቤቶች ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ ያለ ደብዳቤ የሚያናግራችሁ ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ ነው። ከ1983 በፊት ያለው ፋይል በአማርኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ። አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ታሪክ ይዞ ይመለሳል። ቃለ መጠይቁም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ ጫኞች ሥራውን የሚያስታውሱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲዞሩ ንግግራቸው ያጥራል፣ ትህትናም ይበዛበታል።

ከፋይሉ ሁሉ የጠቀመኝ ካርታው ወይም የውርስ ደብዳቤው አይደለም። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ናቸው። ንብረት ሲገባ የሚቆረጠው 19፣ ሲወጣ የሚቆረጠው 22 ነው፤ የመንግሥት መጋዘን ሁሉ በእነዚህ ይተዳደራል። ጥቂት ጥራዞች ተርፈው ስላገኘሁ ምን እንደገባ፣ በማን ፊርማ እንደወጣ፣ በየትኛው ወር እንደበዛ ማየት ቻልኩ። ስንዴው ከአጨዳ በኋላ ይገባል፣ ማዳበሪያው ከክረምት በፊት ይወጣል። ቤቱ በዓመት ሁለቴ ይሞላ ነበር፣ በሁለት የተለያየ ነገር።

ሰዎች ግን በዓመተ ምሕረት አያስታውሱም። “ብር የተቀየረ ጊዜ” ይላሉ። የትኛው ብር? በ1969 ነው፣ በ1990 ነው፣ ወይስ በ2013? “ጃንሆይ ያሉበት ብር ነበር እንዴ?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። እድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የሱማሌ ጦርነት፣ 77 ድርቅ፣ መንደር ምሥረታ፣ የብቅል ፋብሪካው ሲከፈት፤ እነዚህን በወረቀት ላይ በተራ ጽፌ ይዤ እዞር ነበር። ሰውየው አንድ ነገር ሲነግረኝ “ከመንደር ምሥረታ በፊት ነው በኋላ?” እላለሁ። ስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበር በቀጥታ ብትጠይቁ ደስ እንዲላችሁ ብለው አንድ ቁጥር ይሰጧችኋል።

የደርግ መንግሥት እህል መሰብሰቢያ የነበረው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዘመን ላይ ወሬው ይበረታል። የገበሬ ማኅበራት ኮታ ተጥሎባቸው በተቆረጠ ዋጋ እህል ያስረክቡ ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ ኬላ አለ፣ አንድ ኩንታል ይዞ ማለፍም ያስጠይቃል። በመጋዘኑ በር ላይ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ብረት ይጠበባል፦ ጆንያ ወግቶ ናሙና የሚያወጣው፣ ጫፉ የሾለ ባዶ ብረት። መዛኙ ወግቶ ያወጣውን በመዳፉ ይዘረጋል፣ ይነፋል፣ ጥቂት ይቆረጥማል። ካልደረቀ ወይም ግርድ ከበዛበት ገበሬው አህያውን ጭኖ ይመለሳል፣ ወይም እዚያው ያስበጥራል። ለዚህ ነው በሩ ላይ ወንፊትና ሰፌድ የያዙ ሴቶች የማይጠፉት። አንዲት እናት ሂሳባቸውን ነገሩኝ፦ ለማበጠሩ ትንሽ ሳንቲም፣ ግርዱ ለእሳቸው። ግርዱ ለዶሮ፣ ሻል ያለው ለእንጀራ። በየትኛውም ሞዴል ላይ ስማቸው የለም። ክምሩ በላስቲክ ተሸፍኖ የነቀዝ መርዝ የሆነው ፎስቶክሲን ሲጣልበትና በሩ ለቀናት ሲታሸግ የእሳቸውም ገቢ አብሮ ይታሸግ ነበር፤ ነቀዝ የገባበትን ወቅት ከመጋዘን ኃላፊው በተሻለ የሚያስታውሱት ለዚህ ነው።

በጀርባው በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተከራከሩብኝ። አንዱ ቤቱ የነጋዴ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ነበር አሉ፣ ሌላው በገበያ ድርጅት ጊዜ ነው የተከፈተው አሉ። ሄጄ ከበሩ በላይ ያለውን አግዳሚ አየሁ። የሌሎቹ በሮች አግዳሚ የጥድ እንጨት ነው፣ የዚህ ግን በብየዳ የተያያዘ ብረት ነው፣ ዙሪያውም ድንጋዩ በአዲስ ልስን ተሞልቷል። ክርክሩ አለቀ ባልልም ሁለተኛው ሽማግሌ አሸንፈዋል።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር፣ በኋላም ድርጅቱ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ሲሆን፣ ቤቱ እየተከፋፈለ ተከራየ። ስለዚህ ዘመን የነገሩኝ ሁሉ ስለ ኪራይ ነውና ብዙ አልቆየሁበትም።

ረቂቁን ይዤ ሄጄ ለጫኞቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የተቀዳውን ድምፅ ለየቤተሰቡ በፍላሽ ሰጠሁ፣ የጽሑፉንም ቅጂ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። ስለ ካዱና ስለ አዋጁ ያነበብኩትን በዝምታ ሰሙ። የቀሰቀሳቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ኩንታል ባንዴ ተሸክሞ መወጣጫውን የሚወጣው ሰው ማን እንደነበረ መጻፍ አለበት አሉ። ማን ነበር ስላቸው ሁለት ስም መጣ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ስመለስም ገና አልተስማሙም ነበር። ሦስቱንም ጻፍኩ።