ጋዝ አልጎደለውም፤ አየር ነው ያጣው

ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሽን፣ እየሠራ ቤቱ አልሞቅ ሲል ባለቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ አንዳንዴም ቴክኒሻኑ ቀድሞ የሚጠረጥረው በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ ነው። «ጋዙ አልቆ ይሆናል» ይባላል፤ ሲሊንደር ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይከፈላል። ይህ ግምት ያደረሰውን ጉዳት በሥራዬ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ከሁሉም ይበልጥ የቆጨኝ ግን ማሽናቸውን ከልባቸው የሚንከባከቡ አንድ አባት ቤት ያየሁት ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ ናቸው። በስልክ ሲያስረዱኝ ቤቱ ከለብታ እንደማያልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ግን ከዓምናው ተመሳሳይ ወር እጥፍ ገደማ እንደሆነ ነገሩኝ። ሌላ ባለሙያ ቀደም ብሎ መጥቶ ጋዝ ጨምሮላቸዋል፤ ለጥቂት ቀናት ደህና ሆኖ ሰነበተና ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጠይቄ እንደተረዳሁት እነዚያ ቀናት ብርዱ ጋብ ያለባቸው ነበሩ።

እንዲህ ወዳለ ቤት ስሄድ የግፊት መለኪያውን ቀድሜ አላወጣም። መጀመሪያ ማሽኑን ዞሬ አየዋለሁ፣ አዳምጠዋለሁ፣ ከየት አየር እንደሚስብና ወዴት እንደሚያስወጣ እመለከታለሁ። እዚህ ግን ማሽኑ ራሱ አልታየኝም። የታየኝ ትንሽ የእንጨት ጎጆ ነው፤ ጣራ ያለው፣ በሦስት ጎኑ የተዘጋ፣ ከፊት ጠባብ ርብራብ የተመታበት፣ ቀለሙም ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተስማማ።

«በረዶ እንዳይወርድበት ብዬ ራሴ ነው የሠራሁት ልጄ። ይህን የሚያህል ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣላል?» አሉኝ።

የአናጢነት ሥራው እንከን አልነበረውም። ማሽኑን ያፈነውም እሱ ነው። ቴርሞሜትሬ ከጎጆው ራቅ ብሎ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳየ። በርብራቡ መካከል ወደ ውስጥ ሳስገባው ከዜሮ በታች 5 ደረሰ።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዘዋውራል። ቤት ሲያሞቅ የውጭው ክፍል ከቀዝቃዛው አየር ሙቀት ይቀበላል። ይህ የሚሆነው በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ እጅግ በቀዘቀዘ ሁኔታም ስለሚፈላ ነው። አር-32 የሚባለው ጋዝ በተራው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጋዙ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ያግለዋል፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን ይለቃል። ሙቀቱን የተነጠቀው አየር ደግሞ ከውጭው የባሰ ቀዝቅዞ በማራገቢያው ይወጣል። ይህ አየር ርቆ መሄድ አለበት። በጎጆው ውስጥ ግን መሄጃ አጥቶ እየተመለሰ ከኋላ ይገባ ነበር፤ ማሽኑ ያስወጣውን ያንኑ ቀዝቃዛ አየር ደጋግሞ ይስብ ነበር ማለት ነው።

ርብራቡን ፈተን ወደ ኋላው ዞርኩና በእጅ ባትሪ ኮይሉን አየሁት። ኮይል የምንለው በስስ የአሉሚኒየም ክንፎች የተሸፈነው የቱቦ መረብ ነው። ክንፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ውፍረታቸው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በጣት ጥፍር የሚታጠፉ ናቸው። ጤናማ ኮይል ላይ ከአንዱ ወገን መብራት ሲበራ በክንፎቹ መካከል ብርሃኑ ወደ ሌላው ወገን ይታያል። እዚህ ግን ከታችኛው አጋማሽ ምንም ብርሃን አላለፈም። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተው አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፈዋል፤ ፊቱ ልሙጥ ቆርቆሮ መስሏል። ጣቴን ሳሳልፍበት ጠርዞቹ እንኳ አልቆረቆሩኝም።

«ጋሼ፣ ይህን በምን አጠቡት?» አልኳቸው።

«መኪና በማጥብበት በግፊት ማጠቢያው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት አቧራውን ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት።»

የግፊት ማጠቢያ ውኃ ለእነዚህ ክንፎች መዶሻ ነው። በተራ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ፣ በለዘበ ፍሰት፣ ውኃውን ለክንፎቹ ፊት ለፊት አድርጎ ከላይ ወደ ታች ማጠብ ይበቃል። በጎን ከተረጨ ለስላሳ ውኃም ቢሆን ያጣምማቸዋል። በረኪና እና ኃይለኛ ኬሚካል ደግሞ አሉሚኒየሙን ስለሚበሉት ጨርሶ አይነኩትም።

የተዘጋ ኮይልና የተዘጋ ጎጆ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። አየሩ ሲያንስ ኮይሉ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው የቀረውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አየሩ እንደገና ያንሳል። ማሽኑ በየጊዜው አቅጣጫውን ቀይሮ በራሱ ሙቀት በረዶውን ያሟሟል፤ ይህ የተለመደ ሥራው ነው። የሚሟሟው ውኃ ግን ከጎጆው ወለል ላይ ቆሞ መልሶ ይረጋ ስለነበር የኮይሉ ግርጌ በወፍራም በረዶ ተይዟል። በዚህ መሐል ቤቱ ሲቀዘቅዝ የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት መጠባበቂያውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠራል። ሂት ፓምፕ በደህናው ቀን በ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። መጠባበቂያው ግን 1 ወስዶ የሚሰጠው ያንኑ 1 ነው። የሒሳቡ እጥፍ መሆን ምስጢሩ እዚህ ላይ ነበር።

ወደ ጋዙ ልመለስ፤ እኔን ያናደደኝ እሱ ነውና። መለኪያዬን ስሰካ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን በሚስብበት በኩል ያለው ግፊት ዝቅ ብሎ ነበር። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያም ያየው ይህንኑ መሆን አለበት። ግፊት ሲወርድ ግን ጋዝ ጎደለ ማለት ብቻ አይደለም፤ ኮይሉ አየር ሲያጣ ጋዙ የሚተንበትን ሙቀት ስለማያገኝ ግፊቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለቱን ለመለየት ከኮይሉ የሚወጣው ቱቦ ምን ያህል እንደሞቀ መለካት፣ ከዚያ ጋዙ በዚያ ግፊት ከሚፈላበት የሙቀት መጠን ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጋዝ ሲጎድል ልዩነቱ ይሰፋል። እዚህ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ጋዙን በሙሉ ወደ ሲሊንደር ስቤ መዘንኩት። በማሽኑ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና ስንት ግራም እንደሚይዝ ይናገራል፤ ሚዛኑ ያሳየው ከዚያ በላይ ነው። ቀድሞውንም ሙሉ በነበረ ማሽን ላይ ተጨምሮበታል። በዚህ ሁኔታ ቢቆይ ኖሮ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ እየተመለሰ ልቡን ይጎዳው ነበር።

የሂት ፓምፕ ጋዝ ነዳጅ አይደለም። ተቃጥሎ ወይም ተሠርቶበት አያልቅም፤ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ይዞራል። ጎድሎ ከተገኘ የሆነ ቦታ ፈሷል፤ የፈሰሰበት ተፈልጎ ይደፈናል፣ ከዚያም በሚዛን ይሞላል። ቀዳዳ ሳይፈልግ፣ ሚዛን ሳይይዝ «ትንሽ ልጨምርልዎት» የሚል ባለሙያ ሲመጣ ባለቤቱ «የት እንደፈሰሰ አሳየኝ» የማለት ሙሉ መብት አለው። ይህን ጥያቄ የማይወድ ሰው ማሽኑን ባይነካው ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስናገር የጋሼ ሚስት እትዬ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ማታ ማታ ማሽኑን የሚያጠፋውስ?» አሉ።

ጋሼ ትንሽ አፈሩ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ስለሚውል ሌሊት እንዲያርፍ ብለው ከብሬከሩ ያጠፉት ነበር። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ምንጩም ደግነት ነው። ሂት ፓምፕ ግን በዝግታ ሳይቋረጥ ሲሄድ ነው የሚመቸው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ማሽኖች ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ሳለ ዘይቱን የሚያሞቅ ትንሽ ማሞቂያ አላቸው። ኤሌክትሪኩ ከሥሩ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ በብርዱ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት በድንገት ሲነሣ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩም ያለ በቂ ቅባት ይፈጫል። ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ የቆየ ማሽን በብርድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከተመለሰለት በኋላ በመመሪያው የተጻፈውን ያህል ሰዓት ሳይነሣ መቆየት ያለበት ለዚህ ነው። ሙቀት መቀነስ የፈለገ ሰው በቴርሞስታቱ ይቀንስ፤ እሱንም በአንድና በሁለት ዲግሪ። በብዙ ዲግሪ አውርዶ ጠዋት በአንድ ጊዜ መስቀል መልሶ መጠባበቂያውን ይቀሰቅሳል።

ሥራውን አብረን ሠራነው። እሳቸው የጎጆውን ሦስት ጎን አነሡ፤ ጣራውን ከፍ አድርገው በአራት እግር ላይ አቆሙት። ጣራ ብቻውን አይጎዳም፤ ከላይ የሚወርደውን በረዶ ይከላከላል፣ አየሩንም አይዘጋም። ማሽኑን ከመሬት ከፍ ባለ የብረት መቀመጫ ላይ አስቀመጥነው፤ የሚሟሟው ውኃ ወርዶ የሚሄድበት ቦታ አገኘ። የግርጌውን በረዶ በለብ ያለ ውኃ አሟሟነው። እሳቸው ቢላዋ ሊያመጡ ሲሉ ለምን እንደማይቻል ነገርኳቸው፤ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው ቱቦ ስስ መዳብ ስለሆነ አንድ ጭረት ይበሳዋል። የወጣው ጋዝ አር-290 ከሆነ ፕሮፔን ነው፣ በእሳት ይያያዛል፤ አር-32ም በመጠኑ ይቀጣጠላል።

ከዚያ ክንፎቹን ማቃናት መጣ። ለዚህ ሥራ የክንፍ ማበጠሪያ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጥርሶቹ ከክንፎቹ ርቀት ጋር የተስማሙ ናቸው። ካልተጎዳው ቦታ ይጀመርና ጥርሶቹ በትክክል ከገቡ በኋላ ቀስ ተብሎ ወደ ተጣመመው ይሳባል። ከተቸኮለ ክንፉ ይቀደዳል። ጋሼ ጥቂት ካዩ በኋላ ማበጠሪያውን ተቀበሉኝና ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት አሳዩ። በየመሐሉ ባትሪውን ከወዲያ በኩል አበራላቸው ነበር። ብርሃኑ በቀጭን መስመር ሾልኮ ሲወጣ «አሁን ገባኝ» አሉ። ጥቂት ረድፎች ግን እስከ መጨረሻው አልተቃኑም፤ እንደዚያው ይኖራሉ።

ጋዙን በሚዛን መልሼ ሞላሁ፤ የተረፈውን ይዤው ሄድኩ። ወደ አየር መልቀቅ ነውር ነው፤ በብዙ አገሮችም በሕግ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው እነዚህ ጋዞች ምድርን ስለሚያሞቁ ነው፤ አር-410ኤ የተባለው ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2000 ጊዜ በላይ ነው።

ባለቤት በራሱ እጅ ሊሠራው የሚገባው ብዙ ነው፤ ከእኔ በዓመት አንድ ጊዜ መምጣትም ይልቅ የእሱ የየወሩ እጅ ማሽኑን ያኖረዋል። የቤት ውስጡን ክፍል ማጣሪያ አውጥቶ በለብ ያለ ውኃ ማጠብ፣ በጥላ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ርጥብ ሳለ አለመመለስ። ይህችን አንድ ነገር እንኳ ብዙ ቤቶች ለዓመት አያደርጓትም፤ በዚህ ቤት ያሉት እትዬ ግን ያለማስታወስ ይሠሩት ነበር፣ ማጣሪያው እንደ አዲስ ነው። ውጭ ደግሞ ቅጠልና በረዶ መጥረግ፣ በማሽኑ ዙሪያ መመሪያው የሚለውን ርቀት ነፃ ማድረግ፤ በጎኖቹ ብዙውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ይባላል፣ አየር በሚወጣበት ፊት ግን ከዚያ ይበልጣል። በሞቃት ወራት ለማቀዝቀዣ የሚጠቀም ሰው የውኃ መውረጃውን ቱቦም ይይ፤ ዝቃጭ ሲዘጋው ውኃው በግድግዳ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ማሽኑን ከብሬከሩ ማጥፋት ግድ ነው፤ ለጽዳት ሰዓት ማጥፋት ለሌሊት ከማጥፋት ይለያል።

ጋሼ የጎኑን ክዳንም ራሳቸው ከፍተው ሊያጸዱ ጠይቀውኝ ነበር። አይሆንም አልኳቸው። ከክዳኑ ጀርባ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አየርና ውኃ የሚነካው የማሽኑ ክፍል የባለቤቱ ነው፤ በብሎን የተዘጋውና በቱቦ የታሸገው የቴክኒሻኑ።

ብርዱ ሲበረታ አንድ ማለዳ ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ማራገቢያው ቆሞ ከላዩ ጭስ ይወጣል፤ ተቃጠለ መሰለኝ።» ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነበር፤ ማሽኑ በረዶውን እያሟሟ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ማራገቢያው ከተነሣ እንዲተዉት፣ ኮይሉ ግን ከዚያ በኋላም ነጭ እንደሆነ ከቀረ እንዲደውሉልኝ ነገርኳቸው። በቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ የዘይት ቅባት ካዩ፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ ወይም ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ የብረት መንቋቋት ከሰሙም እንደዚሁ፤ እነዚያን ሳይነኩ ማሽኑን አጥፍተው ይጥሩኝ።