ኤንትሬ ከግራ ወንበር ሲታይ

ይህን የድሮ የጭነት መኪና ፊያት 682 ኤን 3 ብሎ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ኤንትሬ ይበቃል። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ፊት ስሙን ብቻ ጥሩ። ወይ አጎቱ ነድቶታል፣ ወይ የሰፈሩ ሀብታም ነበረው፣ ወይ እሱ ራሱ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ አገር አቋርጦበታል።

እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። መኪናውን እወደዋለሁ፣ በቃ። ቤተሰቤ ይህን ፍቅር በሌላ ስም ነው የሚጠራው፤ እሱን እንተወው። የድሮ የጭነት መኪና ሠራተኞችን እያፈላለግኩ የሚያስታውሱትን በስልኬ መቅዳት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። እንዴት እንደሠራሁት ልጻፈው፤ ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ሰው በራሱ አካባቢ ቢቀጥልበት ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ መኪናውን ለማያውቁት። 682 ጣሊያን አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ኤን 3 የተባለው ዓይነት የመጣው ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ። ባለ 6 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር አለው፣ ከ10 ሊትር በላይ። ኮፈን የለውም። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ተቀምጧል። በአህጉራችን በብዙ አገር ስለሠራ ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። እኛ አገር ከእሱ በፊት ትሬንታ ኳትሮ ነበር፣ ማለትም ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ፊያት 634። እሱ ከወራሪው ጦር ጋር ነው የገባው። ኤንትሬ ግን በነጋዴ ገንዘብ ተገዝቶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሁለቱ ሲያወሩ ድምፃቸው ለምን እንደሚለያይ የገባኝ ይህን ሳስብ ነው።

ለመጀመር ኮምቦልቻን መረጥኩ። መርካቶም መጀመር ይቻል ነበር፤ መርካቶ ግን ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ለወሬ ጊዜ የለውም። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ከደሴው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። አሰብ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ዋናው ወደባችን ስለነበር የአገሩ ጭነት በአብዛኛው በዚያ አልፏል። ጡረታ የወጣው ሹፌርም ሩቅ አልሄደም፤ አስፋልቱ ዳር ቤት ሠርቶ ተቀምጧል።

የት እንደሚገኙ ልንገራችሁ። ማኅበራቸውን፣ ቢሯቸውን አትፈልጉ። ጎሚስታ ቤት ሂዱ። ጎማ እስኪጠገን ሰው ቁጭ ይላል፣ ቁጭ ካለ ያወራል። ሥራ የሌለውም ሽማግሌ እዚያ ነው የሚውለው። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ቡና እየተፈላ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ይዤ የሄድኩት ትልቅ ተደርጎ የታተመ የኤንትሬ ፎቶ ነበር። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስልክ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ መነጽር ይፈለጋል፣ መሀል ላይ ሰው ይደውላል። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሁሉም ይከቡታል፤ ጣት ይበዛበታል፤ ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ነው የሚፈለገው።

አንድ የቀድሞ ሹፌር ወዲያው ጀመሩ። ባቲ ዳገት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው በማርሽ ብቻ እንዴት እንዳስቆሙት፣ ደናኪል ላይ ስንት ቀን ያለ ምግብ እንደቆዩ፣ አሰብ ላይ እንዴት እንደሚታወቁ። ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ከሌሎች ሹፌሮች የምሰማው ጨዋታም ያው ነው፤ ጀግናው ብቻ ይቀያየራል። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ወላሂ፣ እሱ የት አይቶት ነው!»

«ጋሼ፣ እርስዎም ነድተዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ረዳት ነኝ ልጄ። እሱ መሪውን ነው የያዘው። መንገዱን የማየው እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ራሳቸው በቀኝ እየነዱ የከባድ መኪናን መሪ በቀኝ ያደርጉ ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው፤ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከመስኮቱ ቁልቁል እንዲያይ ነው። እኛ አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስለሚነዳ የቀኝ መሪ ለሁሉም መኪና ትክክለኛው ቦታ ነበር። በዚያ ዓመት አገሩ ወደ ቀኝ ዞረ። የቀኝ መሪ ያለው መኪና ግን ማን ይቀይረዋል? ኤንትሬውም እንደነበረ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ዳሩን ያያል፣ ከፊት የሚመጣውን ግን አያይም። ሌላ መኪና መቅደም ከፈለገ የሚያይለት በግራ ወንበር የተቀመጠው ረዳት ነው። «አለ!» ካለ አለ፤ «ግባ!» ካለ ይገባል። የሁለቱም ነፍስ በአንድ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ አፍ ላይ ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሄድ ቀድሜ የምጠይቀው ረዳት የነበረውን ነው። ብዙዎቹ ኋላ ሹፌር ሆነዋል፤ እነዚህ ሁለቱንም ወንበር ስለሚያውቁ የተሻሉ ናቸው። ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ረዳት ሆነው የኖሩትን የሚጠይቃቸው ሰው የለም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሹፌሩን ጠይቅ» ይላሉ። አትስሟቸው።

ረዳት ምን ያውቃል? ለምሳሌ ታኮ፣ ማለትም ከጎማ ሥር የሚገባውን ማገጃ። ዳገት ላይ ጭነት ሲከብድ ኤንትሬ ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም። ረዳቱ ይወርዳል፣ ታኮውን ተሸክሞ ከኋላ ጎማው አጠገብ እየተራመደ ይወጣል። ሞተሩ እምቢ ሲል ወይም ማርሽ ሲዘገይ ታኮውን ከጎማው ሥር ይወረውራል። እጁን ቶሎ ካልሰበሰበ እጁ ሄደ። የዚያን ዘመን ከባድ መኪና ማርሽ እንደ ዛሬው ዝም ብሎ አይገባም፤ ፍሪሲዮን ሁለቴ ተረግጦ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ነው። ስቶ ባዶ ላይ ከቀረ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ታኮ የያዘው ልጅ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው። ሹፌሩ ማርሽ እንደሚስት ከሹፌሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ይህን ያወቅኩት «ትዝታዎትን ይንገሩኝ» ብዬ አይደለም። እንዲህ ከተባለ ሰው ንግግር ማድረግ ይጀምራል፤ «ያኔማ ፍቅር ነበር፣ ያኔማ መተሳሰብ ነበር» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አይጻፍም። ፎቶው ላይ አንድ ነገር ጠቁሜ ነው የምጠይቀው። ይህ ሳጥን ውስጥ ምን ነበር? ገመዱን ማን ያስራል? ሌሊት ማን የት ይተኛል? ያኔ እጃቸው መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንድ ሽማግሌ የሸራ አስተሳሰር ሊያሳዩኝ የጎሚስታውን ገመድ ተውሰው ወንበር አሰሩልኝ። ቪዲዮ ባልቀዳው ኖሮ በጽሑፍ እንዴት እንደማስረዳው እንጃ።

የሞተሩ ክዳን ብቻውን አንድ ርዕስ ነው። ደጋ ላይ፣ ጣርማ በር ሲደረስ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ክዳኑ በረከት ነው፤ እንጀራ ይሞቅበታል፣ ካልሲ ይደርቅበታል። አፋር በረሃ ላይ ያው ክዳን እሳት ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ስለሆነ አንዱ ጉዞ ሁለቱንም ያቀምሳል። ሹፌር ስለ ክዳኑ ጠይቃችሁት ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራል። ረዳት ግን የት ቦታ ላይ ካቦርቱን ገልብጦ እንደሚደርብና የት ላይ እንደሚያወልቀው በከተማ ስም ይነግራችኋል።

ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልበል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አትበሉ። ሰውየው ይጨነቃል፣ ከዚያ የመጣለትን ይናገራል፣ እናንተም ትጽፉታላችሁ። እኔ የምጠይቀው «መንገዱ ወደ ቀኝ ከመዞሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብዬ ነው። «ንጉሡ ነበሩ? ደርግ ገብቷል? የ77ቱ ድርቅ ነው? አሰብ ገና ይሠራል?» በዚህ በኩል ከመጡ ማንም አይሳሳትም። በ1977 እርዳታ እህል ከአሰብ የጫነ ሰው ያን ጊዜ ከሌላ ጊዜ ጋር አያደባልቀውም። ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ደግሞ ስለ መኪናው ማውራት ያቆማሉ። እኔም ወደ መኪናው አልመልሳቸውም፤ ስልኩ ይቅዳ።

ስሙም ያሳስታል። ሰው ፊቱ የሚመሳሰለውን የድሮ ፊያት ሁሉ ኤንትሬ ይላል። 643ም 690ም ከሩቅ ሲታዩ ጋቢናቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ የጎማ እግሩን አስቆጥራለሁ፤ ኤንትሬ የፊትና የኋላ፣ ሁለት ብቻ ነው። ሦስት ካለው 690 ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተሳቢ ነበረው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ያህል ማጣራት ሽማግሌዎቹን ያናድዳቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል፤ የሚያውቅ ሰው መጣ ይላሉ።

ጭነት ላይ ግን ማጣራት ትቻለሁ። ማንም ሰው ስንት ኩንታል ጫንክ ሲባል እውነቱን አይናገርም፤ አጠገቡ ሌላ ሹፌር ካለማ ኩንታሉ እያደገ ይሄዳል። አልከራከርም። ባለንብረቱ ከልክ በላይ ያስጭን እንደነበርና ባሌስትራ እየተሰበረ መንገድ ላይ ይታሰር እንደነበር ከሁሉም ስለሰማሁ ለእኔ ያ ይበቃኛል።

የመኪናውን ክብር በተመለከተ የራሴ አስተያየት አለኝ። ኤንትሬ ብርቱ ነው ይባላል፤ ብርቱ ነው። ግን የሰማሁት ሁሉ ስለ መሰበር ነው። ሁሉም ሰው ስለ ተሰበረበት ቀን ነው የሚያወራው። ልዩ ያደረገው፣ ተሰብሮ እዚያው በረሃው ላይ በቁልፍ፣ በክሪክና በሽቦ ይነሳ የነበረ መሆኑ ይመስለኛል። ናፍታው አየር ከሳበ ረዳቱ ቡሎኑን ላላ አድርጎ በእጅ ፖምፓ አየሩን ያስወጣዋል። ከመነዳሪ ከተቀደደ እዚያው ይለጠፋል። ጎድሎ የተገኘውን ቶርኖ ቤት ያወጣዋል። ዛሬ ኮምፒውተር ያለው መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሹፌሩ ስልክ ነው የሚያወጣው። ይህን ስላልኩ የዛሬው መኪና መጥፎ ነው አላልኩም፤ የዛሬ ረዳት ታኮ ይዞ ዳገት አይወጣም፣ ተመስገን ነው።

ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ፍሬ ያስገኘልኝ የድምፅ ቅጂ ነው። አሁንም ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ አንድ ኤንትሬ አግኝቼ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ሞተሩ ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ቀዳሁት። ስልኩን መኪናው ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። ውጭ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ቆማችሁ መምጣቱንና ማለፉን ቅዱ። ይህንን ለሽማግሌዎች ሳሰማ ፎቶው ያላወጣው ነገር ወጣ። አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይሄ ልጅ ማርሹን አዘገየው» አሉ። ሌላው «ኖዝሉ ይታይ» ብለው ለባለቤቱ መልእክት ላኩ። አደረስኩለት። ባለቤቱ አልተደሰተም።

የቀዳሁትን ለቤተሰቦቻቸው በፍላሽ እሰጣለሁ። ብር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቅጂ የጠየቁኝ ግን ብዙ ናቸው፣ በተለይ ውጭ አገር ያሉ ልጆች። ቅጂ ስትሰጡ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብረው የሠሩ አንድ ሹፌርና ረዳት አግኝቼ ለየብቻ ቀድቻቸው ነበር። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ መኪናው ሊሄድባቸው ሲል ማን እንዳዳነው ሁለቱም ተናገሩ፤ ሹፌሩ «እኔ በማርሽ»፣ ረዳቱ «እኔ በታኮ»። የአንዱ ልጅ ቅጂውን ለሌላው አሰማች። አሁን ሹፌሩ የረዳቱን እንዳጠፋ በየጊዜው ይደውሉልኛል። ረዳቱም ይደውላሉ፤ እሳቸው የሚሉት የሹፌሩን እንዳላጠፋ ነው፣ ሰው ሁለቱንም ሰምቶ ይፍረድ ብለው።