ከስክሪን ወደ ቶርኖ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሥራዬ መካኒካል ዲዛይን ነው። ቀኑን ሙሉ ድሮዊንግ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ፤ ብረቱን የሚነካው ሌላ ሰው ነው። ሰሞኑን ግን ከሥራ ስወጣ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በቢላ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ መቆም ጀምሬያለሁ። ተማሪ እያለሁ ነፍሴ ነበር። እንዴት እንደተውኩት እንጃ።

አሁን የያዝኩት ሻፍት ነው፤ የሚሽከረከር ዘንግ ማለት ነው። ጫፉ ላይ 6205 ኩሽኔታ ይገባበታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዙ የኩሽኔታው ቀዳዳ ስፋት ይወጣል፤ 25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መቀመጫው፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚያርፍበት የሻፍቱ ክፍል፣ ኬ6 በሚባለው መደበኛ የልክ ደረጃ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መፈናፈኛው 13 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ብቻ! ቢሮ ሆኜ ይህንን ስጽፍ ቅንጣት ታህል አስቤበት አላውቅም።

ችግሩ ሙቀት ነው። ብረት ሲቆረጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል። 25 ሚሊ ሻፍት በ30 ዲግሪ ከሞቀ 9 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ከ13ቱ 9ኙ ሄደ ማለት ነው። ትኩስ እያለ ማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ) ብታስገቡበት ልክ ነው ይላችኋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ኩሽኔታው ይላላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ቆረጣ በፊት ማሽኑን አጥፍቼ፣ ብረቱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ እላለሁ። ስልኬንም አላወጣም።

ፍጥነቱን በሒሳብ ነው የምጀምረው። ለተራ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል ቢላ በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ከወሰድን፣ ለ25 ሚሊ በደቂቃ 380 ዙር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የጆሮ ሥራ ነው። ሻፍቱ ከቻኩ (ብረቱን ጨብጦ ከሚያዞረው ክፍል) ብዙ ከወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ ገጹም ሞገድ ሞገድ ይሆናል። ያኔ ጫፉን በቴልስቶክ፣ በቶርኖው ሌላኛው ጫፍ ባለው መደገፊያ፣ እደግፋለሁ፣ ዙሩንም ቀነስ አደርጋለሁ። (ጓንት አድርጋችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ በፈጠራችሁ አውልቁት። ቶርኖ ጓንት ከያዘ እጅም ይዞ ይሄዳል።)

መቀመጫው ቀዝቅዞ 25.008 ወጣ። ኩሽኔታውን ወደ 100 ዲግሪ አሞቅኩት። ቀዳዳው በ20 ማይክሮን ገደማ ስለሚሰፋ ያለ መዶሻ ሸርተት ብሎ ገባ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ያሳተኝ የነበረው ሙቀት እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ድሮዊንግ አለቀ የሚባለው አለቃ ሲፈርምበት ነው። እዚህ ግን ወይ ይገባል ወይ አይገባም፤ ስብሰባ የለውም። ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

ቢሮም ለውጥ አለ። ቶለራንስ (የልኩን መፈናፈኛ) ላጠብብ ስል እጄን ያዝ ያደርገኛል፤ ያለ ምክንያት አንዱን ሠራተኛ ብረት እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ማድረግ ነውና።

ቀጥሎ በሌላኛው ጫፍ ኤም20 ጥርስ (የ20 ሚሊ ብሎን ጥርስ) ላወጣ ነው፣ እርምጃው፣ ማለትም ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር። እናንተ ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ነው የምታስገቡት ወይስ ኮምፓውንዱን (ቢላውን የተሸከመውን ተዟሪ ክፍል) 29.5 ዲግሪ አዙራችሁ?