ጎተራ ላይ የቆሙት ገበሬዎች

ከሜልበርን የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሆርሻምን አልፈን ወደ ሰሜን ስንታጠፍ አገሩ ሁሉ ሜዳ ሆነ። አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ዊሜራ ማሊ የሚባለው አካባቢ። የስንዴና የገብስ ምድር ነው። አጨዳው አልቋል። ቢጫው ማሳ እስከ ሰማይ ጥግ ይሄዳል።

ብሪም የምትባለው መንደር ሳንደርስ ግድግዳ ላይ የተሣሉት አራት ሰዎች ታዩን። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ቁመታቸው ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። የተሣሉት እ.ኤ.አ. በ1939 በተሠሩና ሥራ ባቆሙ ረጃጅም የኮንክሪት የእህል ጎተራዎች ላይ ነው። ሠዓሊው ጊዶ ቫን ሄልተን ሥዕሉን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ አካባቢውን ድርቅ በያዘው ሰዓት ነበር።

ከመኪና ወርደን እግራቸው ሥር ቆምን። ጠጋ ስል ሰው የለም፤ ሲሚንቶና የቀለም ጥላ ብቻ። ወደ ኋላ ስሸሽ ደግሞ ሰው ይሆናሉ። ደጋግሜ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ሠዓሊው የኮንክሪቱን መልክ አልደበቀውም። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሰዎቹ ከጎተራው ውስጥ የወጡ ይመስላሉ። የለበሱት የአዘቦት የሥራ ልብስ ነው። ስማቸው አልተጻፈም። ይሄ ልቤን ነካው። ስም ቢኖረው የአራት ሰው መታሰቢያ ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን ግን እዚያ የሚያርስ ሁሉ የእናቱን ወይ የአባቱን አቋቋም ያይበታል።

ሮዝቤሪ የምትባለውን መንደር ቶሎ አየናትና ሌላዋ መንደር ላሴልስ ገባን። እዚያ ሮን የተባለው ሠዓሊ ባልና ሚስት ገበሬዎችን አንድ አንድ ጎተራ ሰጥቷቸዋል። ቤተሰቡ አካባቢው ላይ አራት ትውልድ ኖሯል። ቀለሙን በጣም ስላቀጠነው ፊታቸው ከግድግዳው ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስንመለስ ሺፕ ሂልስ የምትባል መንደር ጎራ አልን። ባልቀርባት ይቆጨኝ ነበር። ሠዓሊው አድኔት ጎተራው ላይ የሣላቸው የነባሩ ሕዝብ ሁለት አዛውንትና ሁለት ልጆች ናቸው፤ በደማቅ ቀለም፣ ከኋላቸው ኮከብ የሞላው ሰማይ። ስንዴው ሳይመጣ በፊት ምድሪቱ የእነሱ ነበረች። የገበሬውን ፊት እያከበሩ እነሱን መዝለል ነውር ነው፤ እዚህ አልተዘለሉም።

ብርሃኑ እስኪያልቅ ቆየን። ባለቤቴ መኪናውን ስታስነሳ ዞሬ አየሁ። ልጆቹ ገና ይታያሉ።