ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት

ጓደኞቼ፣ የምትከታተሉኝ ሁሉ፣ እንኳን ለደብረ ታቦር፣ ለቡሄ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ጎንደር ያላችሁ፣ ዱባይና ቤሩት ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታሳልፉ፣ እዚህ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ሁላችሁም። ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ቀረው፣ በርቱ።

የዘንድሮው፣ የ2017 (በፈረንጅ 2025) የቡሄ መልእክቴ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው፣ ስለኛው ሰፈር ቡድን ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ። አንዳንዶቻችሁ በእጅ ይዘውት እየሮጡ ምኑን ፉትቦል ሆነ ትሉኛላችሁ፣ እኔም ለብዙ ዓመት እንደዛ ስል ነበር፣ አሁን ግን የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፣ እሱ እጄን ይዞ አስገባኝ፣ ገብቼም ቀረሁ። ደሞ ሰሞኑ ራሱ ያገናኘዋል። ሀገር ቤት ልጆች ጅራፍ የሚገምዱበት ሆያ ሆዬ የሚለማመዱበት ጊዜና እነዚህ የፉትቦል ተጫዋቾች ለሲዝን የሚዘጋጁበት ጊዜ አንድ ነው፣ ጁላይ መጨረሻ ለዝግጅት ልምምድ ካምፕ ይገባሉ፣ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ጨዋታው ይጀመራል፣ ልክ የኛ ክረምት ሲወጣ።

ለማታውቁት፣ ይሄ ቡድን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982፣ በ1987 እና በ1991 ሲዝኖች ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ የበላ ቡድን ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ደጋፊውን ሲያስለቅስ ኖረ። በ2023 ከ17 ጨዋታ ያሸነፈው 4 ብቻ ነው። በ2024 ዳን ክዊን ኮች ሆኖ መጣ፣ ኳርተርባኩ፣ ማለት ኳሷን ወርውሮ ጨዋታውን የሚመራው፣ ጄደን ዳንኤልስ በድራፍት፣ ቡድኖች የኮሌጅ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት፣ 2ኛ ተመርጦ መጣ፣ እና ያው 4 ያሸነፈው ቡድን 12 አሸነፈ። ኦክቶበር ላይ ከቺካጎ ቤርስ ጋር የነበረውን መቼም አልረሳውም፣ እኔ ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ላይ መኪና ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ነበር የምሰማው፣ ሰዓቱ አልቋል፣ ኳሷ አየር ላይ ናት፣ ከብዙ እጅ መሀል ተጨርፋ ኖህ ብራውን እጅ ገባች፣ 52 ያርድ (ወደ 48 ሜትር)፣ 18 ለ 15 አሸነፍን። ከፊቴ ያለው ሹፌር በሩን ከፍቶ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ፣ የማላውቀው ሰው ነው፣ ተቃቀፍን። ከዛ ጃንዋሪ ላይ ዴትሮይት ድረስ ሄደው 45 ለ 31 አሸነፉ፣ ሱፐር ቦውል ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው ፊላደልፊያ 55 ለ 23 አሸንፎ መለሳቸው። ልጄ ያን ማታ ማሊያውን እንደለበሰ ነው የተኛው።

ዘንድሮ ታዲያ ካምፑን በዓይናችን እንይ ብለን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን ሄድን፣ ከኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ ሁልጊዜ በአጠገቡ አልፋለሁ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ጾም ላይ ነኝ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሄልሜታቸው ላይ እንደ ስፖንጅ ያለ ወፍራም ነገር ደርበው ነው የሚለማመዱት፣ ጭንቅላታቸው እንዳይጎዳ። ኳርተርባኮቹ ማንም እንዳይነካቸው ለየት ያለ ቀለም ይለብሳሉ። እና አንድ የገረመኝ ነገር፣ ሰው ስለሚበዛ ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለብሳል፣ አንዱ አጥቂ አንዱ ተከላካይ ሆኖ። ቮን ሚለር አለ፣ የሱፐር ቦውል 50 ኮከብ የነበረው፣ 36 ዓመቱ ነው፣ ከ22 ዓመት ልጆች ጋር እኩል ተሰልፎ ያቺኑ አንድ እርምጃ ደግሞ ደጋግሞ ይለማመዳል። ላረሚ ተንሲልን ከሂውስተን ያመጡት ዳንኤልስን እንዲጠብቅላቸው ነው፣ ቆሞ ስታዩት እንደ አጥር ነው። ዲቦ ሳሙኤልም ከሳንፍራንሲስኮ መጥቷል። ስለነሱ ሁሉ ልጄ ሲያስረዳኝ ዋለ።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ሌላ ልጅ ላይ ነው። ልምምዱ አልቆ ትልልቆቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ አንድ በድራፍት ሳይመረጥ የመጣ ልጅ ብቻውን ቀረ፣ ኳስ የሚተፋ ማሽን አለ፣ እሱ ፊት ቆሞ መያዝ ጀመረ። በሁለት እጁ ያዘ፣ በግራ ብቻ፣ በቀኝ ብቻ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ዞር እያለ። ልብሱ ከላቡ የተነሳ ይንጠባጠባል። ልጄን ስሙ ማነው ስለው "አላውቀውም ዳዲ" አለኝ፣ ሁሉንም የሚያውቀው ልጅ። አጥሩ ጋ ሲመጣ ልጄ ኮፍያውን ዘረጋለት፣ ልጁ መጀመሪያ ዞር ብሎ ኋላውን አየ፣ ሌላ ሰው ፈልገው መስሎት ነው፣ ከዛ ሳቅ ብሎ ፈረመለት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካምፕ ውስጥ 90 ሰው አለ። የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ፣ በኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ 53 ብቻ ነው የሚቀረው። 37 ሰው በአንድ ሰሞን ይቀነሳል። አንድ ሰው ይመጣና ኮች ይፈልግሃል፣ ታብሌትህን ይዘህ ና ይለዋል፣ የቡድኑ የጨዋታ ዕቅድ ሁሉ ያለው እዛ ውስጥ ስለሆነ ማስረከብ አለበት። 53ቱ ውስጥ ከገባ በ2025 ሲዝን ትንሹ የጀማሪ ደሞዝ በዓመት 840,000 ዶላር ነው። ካልገባና ለልምምድ ቡድኑ 16 ሰው ሲመርጡ ካገኙት በሳምንት 13,000 ዶላር፣ እሱም በየሳምንቱ ሊያበቃ ይችላል። ከዛም ውጭ ከሆነ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት።

ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ የራሴ ቡሄ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከነሐሴ መባቻ ጀምሬ ጅራፌን ስገምድ ከረምኩ፣ እያረጠብኩ፣ ጫፉን እያቀጠንኩ፣ ሜዳ ላይ ሳጮኸው መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ግጥሙንም ከነተቀባዩ በቃሌ ይዤው ነበር። የቡሄ ዕለት ጠዋት ትልልቆቹ ልጆች ቆጠሩን፣ በዝተናል፣ ሙልሙሉም ሳንቲሙም አይደርሰንም አሉና አንተ ተመለስ አሉኝ። ጅራፌን እንደያዝኩ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ትልቁን ሙልሙል አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችና "በል ጮክ በል፣ እኔ እቀበልሃለሁ" አለችኝ፣ በር ላይ ቆመን ሁለታችን ጨፈርን። እማዬ፣ ይሄን ካነበቡልሽ፣ እንኳን አደረሰሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከትልልቆቹ ስሞች ይልቅ ልቤ የነዛ ልጆች ጋ ነው። ቴሪ ማክሎሪንም አለ፣ እሱ ደሞ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ላይ ነው፣ ኳስ እየተቀበለ አምስት ዓመት በተከታታይ በየሲዝኑ ከ1,000 ያርድ በላይ ያመጣ፣ በ2024 ሲዝን 13 ታችዳውን (እንደ ጎል ያለ) ያስቆጠረ ሰው አዲሱ ኮንትራቱ ይሄን እስክጽፍ ድረስ አልተጨረሰለትም፣ ትሬድ አድርጉኝ፣ ለሌላ ቡድን ስጡኝ፣ እስከማለት ደርሷል። በኔ በኩል ይከፈለው ባይ ነኝ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ሲሸነፍ ጥሎ ያልሄደ ሰው ነው። የስታዲየሙም ነገር ደስ ብሎኛል፣ ከ1996 ሲዝን በኋላ ትተውት ወደ ሄዱት ወደ ድሮው ስታዲየማቸው፣ ወደ አርኤፍኬ ቦታ ሊመለሱ ነው፣ የዲሲ ከተማ ምክር ቤት በ2025 ኦገስት መጀመሪያ በመጀመሪያው ድምፅ 9 ለ 3 አሳልፎታል፣ ዲሲ ውስጥ ድሮ ጀምሮ የኖሩ አባቶቻችን ቦታውን ያውቁታል።

ትናንት ማታ ቤተክርስቲያን ግቢ ችቦ አብርተን፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው፣ እየተጣደፍን ቤት ገባን፣ ከሲንሲናቲ ጋር ፕሪሲዝን፣ ማለት ከሲዝኑ በፊት የሚደረግ የሙከራ ጨዋታ ነበር። 31 ለ 17 ተሸነፉ፣ ፕሪሲዝን ስለሆነ አይቆጠርም። ዳንኤልስ አንዴ ብቻ ገብቶ ራሱ ሮጦ አስቆጠረና ተቀመጠ፣ ከዛ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የነዛ ስማቸው የማይታወቅ ልጆች ነው፣ ሌላው ሰው ቲቪውን ሲያጠፋ እኛ ያኔ ነው ጠጋ ብለን የምናየው። እናንተም ውጤት የምትጠብቁ፣ የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ቀኑ የረዘመባችሁ፣ ሥራ አመልክታችሁ ስልክ የምትጠብቁ፣ ዛሬ በተለይ እናንተን ነው እንኳን አደረሳችሁ የምለው።

ሴፕቴምበር 7 ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር እዚሁ ሜዳችን ላይ ይጀመራል። ሁለተኛው ጨዋታ ግሪን ቤይ ነው፣ ሐሙስ ሴፕቴምበር 11፣ መስከረም 1፣ የእንቁጣጣሽ ማታ! ቤቴ ክፍት ነው፣ ዶሮ አለ፣ አልጫውም ቀዩም፣ ኑ። ኮፍያው በር ላይ ተሰቅሏል፣ ልጄ እስከ ማክሰኞ ማንም እንዳይነካው ብሏል።

መልካም ቡሄ።